እቅፍ የማያገኘው ሽጉጥ

ቅዳሜ ጠዋት ከሕንጻችን ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ፣ ሁለት የአገሬ ልጆች ውድነሽን በቁሟ ሲቀብሯት ሰማሁ። «ጡቷ ሥር ነው አሉ። እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። እትዬ ተናኘወርቅ በገዛ እጃቸው ነክተውታል» ትላለች አንዷ፣ ማድረቂያው ውስጥ የልጇን ካልሲ እየፈለገች። ሌላዋ ከንፈሯን መጠጠችና «ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ ማን ያስታምማታል?» አለች። ማን ያስታምማታል? እኔ ትግስት፣ የአክስቷ ልጅ፣ ከእሷ ጋር አንድ አፓርትመንት የምከራየው፣ አንሶላዬን ታቅፌ ከማድረቂያው ጀርባ ቆሜያለሁ። እውነቱን መናገር አልችልም፤ ውሸቱን ደግሞ የጀመርነው እኛው ነን። እርጥብ አንሶላዬን ቅርጫት ውስጥ ጠቅጥቄ ደረጃውን ወጣሁ።

ሟቿ ወጥ ቤት ቆማ እንቁላል በቃሪያ ትበላለች። ሳምንቱን ሙሉ ፍሪጃችን አልዘጋ ብሎ በወንበር ደግፈነዋል፤ የውድነሽን መታመም የሰማ ሁሉ ሾርባ፣ አጥሚት፣ የዶሮ መረቅ ይዞ መጥቷል። አንዷ እንዲያውም ከከተማው ውጭ ካለችው ከኮክረን ድረስ መኪና ነድታ፣ የማር ማሰሮ አስቀምጣ፣ አልቅሳ ተመልሳለች። በሰፈራችን በዋይትሆርን እንደ እሷ ጠግቦ የሚያድር በሽተኛ የለም። ስልኩ ይጮሃል፣ እኔ አነሳለሁ፣ «ደህና ናት፣ ተኝታለች» እላለሁ፤ እሷ ደግሞ ከጎኔ ቆማ ዳቦ ትቆርሳለች። «ታች ስለ ምን ያወራሉ?» አለችኝ። «ስለ ቀብርሽ» አልኳት። ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን ሳትጨርስ ሳህኗን አስቀመጠችና መስኮቱ ጋ ሄዳ ከታች የሚያልፈውን ባቡር ታይ ጀመር። ይሄን ነገር እንደ ቀልድ ልትወስደው ሞክራ አልሆነላትም፤ የሰው ሾርባ በውሸት መብላት ከብዷታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውድነሽ አገር ቤት የፖሊስ አስር አለቃ ነበረች። እዚህ ካልጋሪ ከመጣች ጀምሮ የሆቴል አንሶላ ስትቀይር ኖራ፣ በዚህ በፈረንጆቹ ዘጠና አራት መግቢያ ላይ አንድ ትንሽ ኩባንያ ለልዩ ሥራ መረጣት። ኩባንያው የወርቅና የአልማዝ ዕቃ ከሱቅ ወደ ሱቅ፣ ከሱቅ ወደ ባንክ ያደርሳል። ግን ዩኒፎርም የለ፣ ብረት ለበስ መኪና የለ። ተራ ልብስ፣ ተራ መኪና፣ የምሳ ዕቃ የሚመስል ቦርሳ፣ ከልብስ ሥር ደግሞ ሽጉጥ። በዚህ አገር ሽጉጥ ሸጉጦ የመሄድ ፈቃድ እንዲሁ ለፈለገ የሚሰጥ ነገር አይደለም፤ ለእንዲህ ያለ ሥራ ብቻ፣ እሱም ለሥራ ሰዓት ብቻ ነው። ኩባንያው ውድነሽን ሲያያት ደስ ያለው ለዚህ ነው። አንዲት ሐበሻ ሴት፣ የግሮሰሪ ፌስታል አንጠልጥላ፣ ሲትሬን፣ የከተማውን ባቡር፣ የምትጠብቅ የምትመስል፤ ማን ይጠረጥራታል? የዒላማ ፈተናውን አልፋለች፤ እንዲያውም አሠልጣኟ ዳግ፣ ጡረታ የወጣ ፖሊስ ነው፣ ወረቀቱን ቤታችን ይዞ መጥቶ ለእኔ አሳይቶኛል። የሚቀራት የመሸሸግ ፈተና ብቻ ነበር። ሕጉ ደግሞ አጭር ነው፤ ማንም እንዳያይ፣ ማንም እንዳያውቅ። እኔ የማውቀው አብሬያት ስለምኖር ነው፤ ለዚያውም ዳግ ሶፋችን ላይ ተቀምጦ፣ አፌን እንድዘጋ አስጠንቅቆኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ፈተናውን ሰንሪጅ ሞል ውስጥ ሰጣት። ለልምምድ የሚሰጧቸው ሰማያዊ ሽጉጥ አለ፤ ቅርጹም ክብደቱም እንደ እውነተኛው ነው፣ ግን እንኳን ሰው ዝንብ አይገድልም። እሱን በትከሻ በሚንጠለጠል አፎት፣ ሆልስተር በሚሉት፣ ግራ ብብቷ ሥር አድርገውላት፣ ጃኬት ደርባ በሰው መሃል እንድትሄድ ነበር። ፈረንጁ ሁሉ አጠገቧ አለፈ፣ አንድም ያየ የለም። ከዚያ እትዬ ተናኘወርቅ ብቅ አሉ። እትዬ ተናኘወርቅ ሰላም ሲሉ በእጅ አይደለም፤ ስበው ደረታቸው ላይ ለጥፈው፣ ጉንጭ ላይ ሦስት አራቴ ስመው፣ ከብብት እስከ ወገብ እየዳሰሱ ነው። እጃቸው ጠጣሩ ነገር ላይ አረፈና ደርቀው ቀሩ። «ምንድን ነው ይሄ?» አሉ፤ ሞሉ እስኪሰማ። ውድነሽ፣ ሌባ ስታሳድድ የማትደነግጠው ሴት፣ ደነገጠች። «እብጠት ነው፣ እትዬ» አለች። በቃ። ከሩቅ ተቀምጦ ሲከታተላት የነበረው ዳግ ፊቱን አጨፍግጎ ከወንበሩ ተነሳ፤ እትዬ ተናኘወርቅ ደግሞ እዚያው አለቀሱ። በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ያልሰማ አልነበረም።

ዳግ ሌላ ዕድል ሰጣት፤ አንድ ብቻ። ዛሬ ከሰዓት፣ እዚያው ሞል። ጠዋት ግን መጀመሪያ ማክላውድ ትሬል የሚባለው መንገድ ላይ ወዳለው የጠመንጃ መደብር ሄዳ፣ ለራሷ የሚስማማ ሽጉጥና አፎት በኩባንያው ሒሳብ ትምረጥ ተባለች። ዛሬ ካልሆነ ተመልሳ አንሶላዋን ትቀይራለች። መኪና ውስጥ እስክንገባ ድረስ አልተናገረችም። ገብተን ቀበቶዋን ካሰረች በኋላ፣ «ትግስት፣ ይሄን ሥራ እፈልገዋለሁ» አለችኝ። ሌላ ነገር አልጨመረችም። ከልጅነቷ ጀምሮ አንድ ነገር እፈልጋለሁ ስትል የሰማሁት ያን ቀን ነው፤ አንጀቴን በላችው።

ያን ዕለት ሺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ነፍሶ ትላንት የነበረው በረዶ ሁሉ መንገዱ ላይ ውሃ ሆኖ ነበር። መደብሩ የጠመንጃ ዘይትና የቆዳ ሽታ ይሸታል፤ ግድግዳው ላይ ቀንዳም የዱር እንስሳ ራስ ተሰቅሏል፣ ከሥሩ አዳኝ ሽማግሌዎች ቡና በወረቀት ኩባያ ይዘው ስለ ኮክረን መንገድ ያወራሉ። እኛ ስንገባ ወሬያቸውን አቆሙ። የመደብሩ ባለቤት ግሌን ይባላል፤ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ቀጭን ሰው ነው። ዳግ ደውሎለት ስለነበር አልጠየቀንም። መጀመሪያ ያወጣው አንድ ትልቅ ጥቁር አውቶማቲክ ነበር፤ እኔ ሳየው ብቻ ወገቤን አመመኝ። ውድነሽ ተቀበለችው። እንዴት እንደተቀበለችው ልንገራችሁ። አፈሙዙን ወደ ሰው ሳታዞር፣ ጣቷን ከምላጩ አርቃ፣ ከፍታ፣ ባዶ መሆኑን በዓይኗም በትንሽ ጣቷም አረጋግጣ፣ ለግሌን አሳየችው፣ ለእኔም አሳየችኝ። እኔ ምን አውቄ፤ ግን እንደ ቄስ ጽዋ በጥንቃቄ ሲያዝ አየሁ። ከኋላችን ከነበሩት ሽማግሌዎች አንዱ ሌላውን በክርኑ ጎሰመው። ወሬያቸውን አልቀጠሉም፤ እሷን ያያሉ።

ትልቁን መለሰችው። ሁለተኛው ስስ አውቶማቲክ ነበር፣ መጽሐፍ ውስጥ ብታስቀምጠው የሚደበቅ። ግሌን እሱን አመሰገነላት፤ ሴቶች ይወዱታል አለ። ውድነሽ ሸሚዟ ላይ ለጥፋው በመዳፏ ዳሰሰችውና ራሷን ነቀነቀች። «ጥግ አለው» አለችኝ በአማርኛ። «ስስ ቢሆንም ጥግ አለው። ሰው ሰውነት ላይ ጥግ የለም፤ እጅ የሚነቃው በጥግ ነው።» ሦስተኛው አምስት ጥይት የሚጎርስ አጭር ሪቮልቨር ሆነ፤ ሁሉ ነገሩ ክብ፣ ጥይቱን የሚመታው፣ ልብስ የሚይዘው መዶሻ እንኳ ከውጭ የሌለው። እሱን ስትይዘው ፊቷ ተለወጠ። ደጋግማ በመዳፏ አሻሸችው። ግሌን ወፍራም ነው፣ ጥይቱም ያንሳል አለ። እሷ በዚያች ባልተሟላች ግን በማትፈራ እንግሊዝኛዋ ሥራዋ ዕቃ ይዛ መድረስ እንጂ ጦርነት መክፈት እንዳልሆነ አስረዳችው። ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ በእሷ አይደለም፣ በግሌን ነው።

ግሌን የዚያኑ ዓይነት ሰማያዊ የልምምድ ሽጉጥ ሲያወጣ፣ በአገራችሁ ቋንቋ ይሄን ምን ትሉታላችሁ ብሎ ጠየቀ። ሽጉጥ፣ አለችው። ምን ማለት ነው አለ። እኔ አፌ አያርፍም፣ ቀድሜ ስሙ ራሱ መሸጎጥ ማለት ነው፣ ከልብስ ሥር ውሽቅ ማድረግ፣ ስለዚህ እኛ ጋ ያልተሸጎጠ ሽጉጥ ስሙን አያገኝም አልኩት። ግሌን ትንሽ አሰበና እኛ የእጅ ጠመንጃ ነው የምንለው፣ እጃችን ላይ እንዲታይ ስለምንወድ ይሆናል አለ። ይሄን ሰውዬ ወደድኩት።

ሽጉጡ ቀለለ፤ የከበደው አፎቱ ነበር። ግሌን አንድ በአንድ አወጣ። የወገብ ጎን ላይ የሚታሰረውን አስሮላት ተራምደሽ አሳዪኝ አላት፤ ተራመደች፣ ጎነበሰች፣ ተቀመጠች፣ ምንም አይታይም። «ጥሩ ነው» አለ። ውድነሽ ወደ እኔ ዞራ «እስቲ እንደ እትዬ ተናኘወርቅ ሰላም በዪኝ» አለችኝ። በዚያ ሁሉ ሽማግሌ ፊት አቅፌ ሳምኳት። ክርኔ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ነገር መታው። «አገኘሁሽ» አልኳት። ከወገቧ ኋላ የሚገባውን ሞከረች። የለቅሶ ሰላምታ ሰጠኋት፤ ጀርባዋን እየደባበስኩ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ስል ሁለተኛው አይዞሽ ላይ አገኘሁት። የቁርጭምጭሚቱ ከእቅፍ ያመለጠ ነበር፣ ግን ቦቲ ጫማ አድርጋ ሽጉጡን ለማውጣት እንዴት እንደምትጎነብስ ሲያዩ ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። የእጅ ቦርሳውን እኔ ነኝ የሰረዝኩት። የማን ልጅ ነው የሐበሻ ሴት ቦርሳ ሳይፈትሽ ማስቲካ የሚጠይቀው? ግሌን መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠርዝ ወለወለ። አፎት መሸጥ ከጀመርኩ ጀምሮ ሰው አቅፎ የፈተሸ አላጋጠመኝም አለ። ሰዎቻችሁ ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው ወይ ሲል ጠየቀኝ። ይሄ የአዘቦቱ ነው፣ ኤርፖርት ላይ አላየኸንም አልኩት።

በመጨረሻ ከመደርደሪያ ሥር ከአንድ አቧራ የጠጣ ካርቶን ውስጥ ሰፊ የላስቲክ ጨርቅ አወጣ። ከሸሚዝ ሥር ሆድ ላይ የሚጠመጠም፣ ፊት ለፊቱ ሽጉጥ የሚውልበት ኪስ የተሰፋለት ነው። ሃያ ስምንት ዶላር ይላል ዋጋው፤ ከቆዳዎቹ ሁሉ ርካሹ። ዓመታት ቆይቷል፣ ማንም አይገዛውም፣ ወንዶች የቀዶ ጥገና ፋሻ ይመስላል ይላሉ አለ። ውድነሽ ስታየው ሳቋ መጣ። «መቀነት እኮ ነው» አለችኝ። ልብስ መለኪያው ክፍል ገብታ ከእምብርቷ ትንሽ ወደ ቀኝ አድርጋ ታጠቀችው፣ ሰፋ ያለ ጥቁር ሰማያዊ ሸሚዟን ለቀቅ አድርጋ ወጣች። እኔ የሰርጉን፣ የለቅሶውን፣ የፋሲካውን ሰላምታ ሁሉ አወረድኩባት። ደረቷን አገኘሁ፣ ጀርባዋን አገኘሁ፣ ሽጉጥ አላገኘሁም። እሷ ቀድማ ያሰበችውን እኔ ያኔ ነው የገባኝ፤ ሰላም ስንባባል ትከሻችን ይጋጫል እንጂ ሆዳችን ወደ ኋላ ይቀራል። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሳቅፍ ይሄን ልብ አላልኩም። ከዚያ በአንድ እጇ ሸሚዟን ገልባ በሌላው ሰማያዊውን ሽጉጥ ስታወጣ፣ እጇ ሲሄድ አላየሁም፣ ወለሉን እያየ ሲቆም ነው ያየሁት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ኮፍያውን ነካ። ኮራሁባት፣ ምን አባቴን ልበል፣ የኔ ብቻ እስክትመስለኝ ኮራሁባት።

ሰንሪጅ ስንደርስ ሰዉ ሺኑኩን አምኖ በቲሸርት ወጥቷል። ዳግ ጃኬት አይፈቀድም ብሏል፣ በጋ ይመጣልና። እሱ ምግብ የሚሸጥበት አዳራሽ ውስጥ ጋዜጣ ዘርግቶ የሆኪ ገጽ ያነባል፤ ዓይኑ ግን ከጋዜጣው በላይ ነው። ውድነሽ ፌስታሏን ይዛ በመደዳ ሱቁን አለፈች። ጫማ ለካች፣ ከታችኛው መደርደሪያ ሳህን አነሳች፣ የወደቀ የሕፃን ጡጦ ጎንበስ ብላ አንስታ ለእናቱ ሰጠች። እኔ ከኋላዋ እየተከተልኩ ደጋግሜ ወደ ዳግ እገላመጣለሁ፣ እሷ ግን በቲማቲም ዋጋ እንደምታማርር ሴት ፊቷ ዘና ብሏል። ሁለት የምናውቃቸው ልጆች አገኙን፣ አቅፈው ሳሟት፣ በሐዘን ዓይን አይተዋት አለፉ። ዳግ ገጽ ገለጠ።

እትዬ ተናኘወርቅ በደረጃው በኩል መጡ። ኤሪን ውድስ የሚባለው ሰፈር ነው የሚኖሩት፣ ዩኒቨርሲቲ ከሚማር ልጃቸው ከሳሙኤል ጋር፤ ሳምንቱን የአረጋውያን ቤት ልብስ ሲያጥቡ ይውላሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በአውቶቡስ እዚህ ይመጣሉ። ሲያዩን የገዙትን ሽንኩርት መሬት አስቀመጡ። «የኔ እናት» ብለው ውድነሽን ሳቧት። ጉንጯን እየሳሙ ቀኝ እጃቸው እንደ ሐኪም ቀጥ ብሎ ወደ ግራ ብብቷ ሥር ሄደ። ዳሰሱ። ጫን አሉ። ወደ ታች ወርደው እንደገና ወጡ። ለቀቋትና ፊቷን አዩዋት።

«የታለ?» አሉ።

አፎቱን ስንመርጥ ጥያቄውን ረስተነዋል። እኔ ደግሞ፣ ምነው ምላሴን በቆረጠው፣ ዝምታ አልችልም። «በጸበል ጠፋላት፣ እትዬ» አልኩ። «ከአዲስ አበባ በሰው የመጣ ጸበል ነበረን።»

እልል ይላሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። አላሉም። ዓይናቸው እንባ ሞላና ወደ ሽንኩርታቸው አጎነበሱ። ከትከሻቸው በላይ ዳግን አየሁት፤ ጋዜጣውን አጥፎ አውራ ጣቱን ቀስ ብሎ አነሳ። አለፈች ማለት ነው። ደስታዬ ሊያስጮኸኝ ነበር። እትዬ ተናኘወርቅ ቀና ሳይሉ፣ «ትንሽ ተርፏችሁ ይሆን?» አሉ። «ምኑ፣ እትዬ?» አልኩ። «ጸበሉ። ለሰው ነው።» ይሄን ሲሉ የሹራባቸውን ቁልፍ፣ ደረታቸው ላይ ያለውን፣ በጣታቸው ያዝ አደረጉ። እኔ «እፈልግልዎታለሁ» ብዬ ሌላ ውሸት ልደርብ ስል ውድነሽ ክንዴን ያዘችኝ። ዓመታት ፖሊስ ጣቢያ ተቀምጣ ሰው ስትጠይቅ የኖረች ሴት ናት፤ «ለሰው ነው» ሲባል ሰውየው ማን እንደሆነ ታውቃለች።

«ለየትኛው ሰው ነው?» አለቻቸው ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ለሰው ነዋ» አሉ።

ውድነሽ ወደ ዳግ አየች። ማሸነፏን አይታለች፣ አውራ ጣቱን አይታለች። ከዚያ የእትዬ ተናኘወርቅን እጅ ይዛ፣ ሽንኩርቱን ለእኔ ትታ፣ የሕፃናት ዳይፐር ወደሚቀየርበት ትንሽ ክፍል ወሰደቻቸው። ተከትዬ ገባሁና በሩን ቆለፍኩ። ክፍሉ አንድ የፕላስቲክ ጠረጴዛ፣ አንድ የእጅ መታጠቢያና አንድ ወንበር ብቻ ነው ያለው፤ የሕፃን ፓውደር ይሸታል። ምን ልታደርግ እንደሆነ ሲገባኝ «ውድነሽ፣ ተዪ» አልኳት። ሸሚዟን ገለበችው።

«ባለፈው ሳምንት የነኩት ይሄን ነው» አለች። «ያኔ ብብቴ ሥር ነበር፣ ዛሬ ሆዴ ላይ ነው። የሥራ ነው። ለልምምድ የተሠራ ነው፣ አይተኩስም። እብጠት ኖሮብኝ አያውቅም፣ እትዬ። ጸበልም አልጠጣሁም። ዋሸሁዎት፤ ይቅር ይበሉኝ።»

ሽጉጥ ሲያዩ ይጮሃሉ ብዬ አፋቸውን ልይዝ ተዘጋጅቼ ነበር። ሽጉጡን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። ትንሽ አዩት፣ ከዚያ ግድግዳውን አዩ፣ ከዚያ ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ።

«እንግዲያው የኔ ብቻ ነው» አሉ።

ከውጭ ሕፃን ያለቅሳል፣ አንዱ በሩን ሞክሮ ሄደ። እትዬ ተናኘወርቅ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ለእኛ ሳይሆን ለወለሉ፣ እብጠቱ ከመስቀል በፊት ጀምሮ እንደነበረባቸው ነገሩን። «ያንቺን ስነካ ደስ አለኝ» አሉ። «እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። ሰው አገኘሁ አልኩ። ሐኪም ቤት ስትሄጂ አብሬሽ ልገባ ነበር፤ ያንቺን ሲያዩ የኔንም እንዲያዩልኝ። ላለቅስልሽ መስሎሽ ነው በየቀኑ የደወልኩት? መቼ ትሄጃለሽ ልልሽ ነበር፤ አፌ እንቢ አለኝ።» ሳሙኤል ያውቃል ወይ አልኳቸው። «ለደም ግፊቴም ለጥርሴም የሚያስተረጉምልኝ እሱ ነው። ጡቴን ምን ብዬ ለወንድ ልጄ ልንገረው? ዶክተሩ ይጠይቃል፣ እሱ ወደኔ ዞሮ ይጠይቀኛል፣ እኔ ምን እለዋለሁ?» አሉ። እኔ ግድግዳው ላይ ተደግፌ አለቀስኩ። ያን ሁሉ ሾርባ የላኩልን ሴቶች፣ እኛም፣ አንዳችንም እትዬ ተናኘወርቅን እንዴት ነዎት ብለን ጠይቀን አናውቅም፤ እሳቸው ናቸው ሁልጊዜ የሚጠይቁት።

ውድነሽ አላለቀሰችም። ፊታቸው በርከክ ብላ የሹራባቸውን ቁልፍ አስተካከለችላቸው። «አሁን እንሄዳለን። አብሬዎት ገብቼ እኔ አስተረጉማለሁ» አለች። «ዛሬ ቅዳሜ አይደል?» አሉ። «ቅዳሜም የሚሠራ ክሊኒክ አለ።» «ሥራሽስ?» አሏት፤ እሳቸው፣ ያን ሰዓት፣ ስለ እሷ ሥራ። ውድነሽ ሸሚዟን ወደ ሱሪዋ ከተተችና በሩን ከፈተች።

ዳግ ቆሞ ፈገግ ብሎ ይጠብቅ ነበር፤ እንኳን ደስ አለሽ ሊላት እጁን ዘርግቷል። ውድነሽ ሽጉጡን ለሴትየዋ እንዳሳየቻቸው ነገረችው። ፈገግታው ፊቱ ላይ ቀረ፣ ማንሳት ረስቶት። አላየሁም እኮ አለ፤ ለምን ነገርሽኝ? «ሕጉ ማንም አይወቅ ነው የሚለው» አለችው፣ «ዳግ አይወቅ አይልም።» ምክንያቱን ጠየቃት፤ የሌላ ሰው ነገር ነው፣ አልናገርም አለችው። ጺሙን ደባበሰ፣ ወደ እትዬ ተናኘወርቅ አየ፣ እሳቸው ሽንኩርታቸውን ታቅፈው ቆመዋል። ከፈተናው ልጥልሽ ግድ ነው አለ በመጨረሻ፤ በጣም አዝናለሁ፣ ካሠለጠንኳቸው ሁሉ አንቺን የሚያህል አልነበረም። ውድነሽ «አውቃለሁ» አለች። ትዕቢት አልነበረም፤ እውነት ስለሆነ ነው። መጸዳጃ ቤት ገብታ ላስቲኩን ፈታ፣ ሰማያዊውን ሽጉጥ ጠቅልላ በፌስታሏ አምጥታ አስረከበችው። እጁን ጨበጠችው። እሱ ግን እጇን ይዞ ቀረ፤ ከዚያ እንደኛ ስቦ አቀፋት፣ ምን እንደሚያደርግ እንደማያውቅ ሰው።

ክሊኒኩ ከሞሉ ማዶ ነው፣ ከፋርማሲው ጎን። ወንበሮቹ ሞልተዋል፤ የሚያስል ልጅ፣ እግሩን ያሰረ ወጣት፣ ድምፁ የተዘጋ ቴሌቪዥን። ውድነሽና እትዬ ተናኘወርቅ ክንድ ለክንድ ተያይዘው መስኮቱ ጋ ቀረቡ፣ እኔ ከኋላ። እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ ከኮምፒውተሯ ቀና አለችና ሁለቱን ተራ በተራ አየቻቸው። ታማሚዋ ማን ናት ስትል በእንግሊዝኛ ጠየቀች። ውድነሽ ልትመልስ አፏን ስትከፍት እትዬ ተናኘወርቅ ክንዷን ለቀቁ። አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄዱና፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ፣ መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«ሚ» አሉ፣ በራሳቸው እንግሊዝኛ።